መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ጽሑፍ

ለቻይና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንግሊዝኛ የምታስጠኑ ካላችሁ፣ ማዳመጡ ሳይጀመር የሚደመጠውን ንግግር ጽሑፍ አትስጡት። ጥያቄዎቹን ብቻ ያንብብ። በጋኦካኦ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናቸው፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች አጫጭሮቹ ንግግሮች የሚሰሙት አንዴ ብቻ ነው። ረጃጅሞቹ ሁለቴ።

መልሱን ከሰጠ በኋላ ጽሑፉን ስጡት። እንደገና እያዳመጠ ያመለጠውን ያስምርበት። መስመሩ በብዛት የሚያርፈው የቃል መጨረሻ ላይ ነው። ለምን ቢባል፣ የማንዳሪን፣ ማለትም የቻይና ዋና ቋንቋ፣ ክፍለ ቃል በአብዛኛው የሚያልቀው በአናባቢ ወይም በ«ን» መሰል ድምፅ ነው፤ ግሱም ለኃላፊ ጊዜ መልኩን አይቀይርም። ስለዚህ «ዎርክ» እና «ዎርክት» በቀላሉ ይምታቱበታል።

ያሰመረባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብሎ ያንብባቸው። አዲስ የድምፅ ቅጂ ከማሳደድ ያንኑ መደጋገም ይሻላል። ልጆቹ መሰልቸታቸው አይቀርምና ቅጂው አጭር ይሁን።