ቀዩን ጨርቅ ከመስፋታችሁ በፊት

ሐረር ጀጎል፣ መኪና ግርግር ካለፋችሁ ልብስ ሰፊዎቹን ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠይቁ። (ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው።) ብርቱካናማው፣ አረንጓዴው፣ አበባ ያለበት፣ ሁሉም ተገጣጥሞ የሚያምር የአልጋ ልብስ ይወጣዋል። ግን እባካችሁ መጀመሪያ እጠቡት! በተለይ ቀዩን። እርጥብ እያለ በነጭ ጨርቅ ጫን አድርጉት፤ ነጩ ሮዝ ካለ ቀለሙ ይለቃልና ድገሙት። እኔ ሳላጥብ የሰፋሁት ነጩን ሁሉ አበላሽቶብኛል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ተኩሱና 12 በ12 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። በየጎኑ 1 ሴንቲ ለስፌት ሲሄድ 10 ይቀራል። የአንዱን ረድፍ ስፌት ወደ ቀኝ፣ የቀጣዩን ወደ ግራ አስተኝታችሁ ተኩሱ። መጋጠሚያው አያብጥም፣ ማዕዘኑም ልክ ይገጥማል። አራት ቀለም አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኝ እንዴት ደስ ይላል!