ስቶክሆልም ላይ ፊደል ማስቆጠር

ልጆቼ ቤት ውስጥ የሚያወሩት በአማርኛ ብቻ ነው። ማንበብ ግን ከወሬ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ለብቻው ጊዜ ይሻል። 231ዱን ፊደል በአንድ ጊዜ አትጫኑባቸው፤ በልጁ ስም ጀምሩ። ቀጥሎ የቅርጹን ሥርዓት አሳዩት፦ የ«ቡ» ጭረት ከቀኝ ጎን፣ የ«ቢ» ከቀኝ እግር ግርጌ፣ የ«ቤ» ቀለበትም እዚያው ግርጌ ላይ። ይህንን በጣቱ እየተከተለ ከለየ ሱ፣ ሲ፣ ሴን ያለ እናንተ እርዳታ ያነባል፤ ያን ጊዜ ፊቱን ብታዩት! ሳድስና ሳብዕ ወጣ ገባ ስለሆኑ በቃላት ውስጥ ይለመዱ። ሐ እና ኀ ይቆዩ። ትምህርት ቤቱንም የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ጠይቁ፤ ቢያንስ አምስት ተማሪዎችና ብቁ መምህር ከተገኙ ማዘጋጃ ቤቱ የማስተማር ግዴታ አለበት።