ሹሩባ ለመሥራት የመንግሥት ፈቃድ? በቴክሳስ አንድን የስቴት ሕግ ማስቀየር እንዴት ይቻላል

በቴክሳስ ሹሩባ ለመሥራት ላይሰንስ መጠየቁ የቀረው በ2015 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት አይሲስ ብራንትሊ የምትባል የዳላስ ባለሙያ ያለ ላይሰንስ ፀጉር ሠርተሻል ተብላ በ1997 ታስራለች። ሕጉ በመጨረሻ የተነሳው በስቴቱ ዋና ከተማ፣ ኦስቲን ውስጥ ነው። ዋሽንግተን እጇ የለበትም።

ስለ ነፃነት ሲወራ የብዙዎቻችን ዓይን ኋይት ሐውስ ላይ ነው። ማን ፀጉር ይሥራ፣ ማን ቤቱ ጋግሮ ይሽጥ፣ ማን ምን ትምህርት ቤት ይክፈት የሚለውን የሚወስነው ግን በአብዛኛው ስቴቱ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለሥራው የስቴት ላይሰንስ የሚያስፈልገው ሠራተኛ ከመቶ አምስት አይሞላም ነበር። ኋይት ሐውስ በ2015 ባወጣው ሪፖርት ግን ቁጥሩ ሩብ ደርሷል። መንግሥት ልኩን ይወቅ የሚል ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ከዚህ ይመስለኛል። እንዴት? ቴክሳስን ይዘን እንሂድ።

መጀመሪያ፦ አንድ ሕግ ብቻ ምረጡ

“መንግሥት በዛብን” ብሎ ቢሮ የሚገባ ሰው ቡና ተጋብዞ ይሸኛል። “ይህ አንቀጽ ይውጣ” የሚል ሰው ግን ይደመጣል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን አጥብቡት።

ቀጥሎ ሕጉ የወጣው ከየት እንደሆነ አጣሩ። የስቴቱ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው? መሥሪያ ቤት ያወጣው መመሪያ ነው? ወይስ የከተማው ደንብ? መልሱ የምታንኳኩትን በር ይለውጠዋል። ብዙ ሰው ወራቱን የሚያባክነው የማይመለከተውን ቢሮ ደጅ እየጠና ነው።

ከዚያ በአንድ ገጽ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ሕጉ ማንን ይጎዳል? ቢነሳስ የሚጎዳ ሰው አለ? ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። አንዳንዱ ሕግ በእርግጥ ሰው ይጠብቃል፤ እሱን ለማፍረስ መሮጥ ለነፃነት መቆም አይደለም።

የብራንትሊን ጉዳይ ጠንካራ ያደረገው ዝርዝሩ ነው። ቴክሳስ በ2007 ለሹሩባ የ35 ሰዓት ሥልጠና በቂ ነው አለች። ጥሩ። ሥልጠናውን ለመስጠት ግን ሙሉ የፀጉር አስተካካዮች ትምህርት ቤት መክፈት ያስፈልግ ነበር፦ 2,000 ስኩዌር ፊት ቦታ፣ ቢያንስ 10 የባርበር ወንበር፣ የፀጉር ማጠቢያ ሲንኮች። ሹሩባ ሠሪ ሲንክ የሚፈልግ አገልግሎት እንዳትሰጥ ያው ሕግ ይከለክላታል፤ ሲንኩን ግን ግዢ ይላታል! ብራንትሊ ከሰሰች፤ በጃንዋሪ 2015 የፌዴራሉ ዳኛ ሳም ስፓርክስ እነዚህ የትምህርት ቤት ግዴታዎች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብለው ፈረዱ። ይሁንና ፍርዱ የ35 ሰዓቱን ላይሰንስ አልነካውም። እሱን ያነሳው በዚያው ዓመት የፎርት ወርዙ ተወካይ ክሬግ ጎልድማን ያቀረቡት ረቂቅ ነው። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ካላችሁ ስለ ነፃነት ረጅም ንግግር አያስፈልጋችሁም።

ቀኑን እወቁ

የቴክሳስ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ የሚካሄደው በጎዶሎ ዓመት ብቻ ነው። ጃንዋሪ ውስጥ በሁለተኛው ማክሰኞ ይጀምራል፤ ከ140 ቀን አያልፍም። የ2027ቱ ጃንዋሪ 12 ይከፈታል። ረቂቅ ማስገባት ግን ከዚያ በፊት በኖቬምበር ይጀመራል፤ ስብሰባው 60ኛ ቀኑን ካለፈ በኋላ አዲስ ረቂቅ ማስገባት በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ ሰው ማነጋገር ያለባችሁ በፊተኛው ክረምትና መኸር ነው። ጃንዋሪ ላይ ከነቃችሁ ረፍዷል።

150 ተወካዮችና 31 ሴናተሮች አሉ። ደመወዛቸው በወር 600 ዶላር ብቻ ስለሆነ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው፤ ስብሰባ በሌለበት ጊዜ የሚገኙት በየአካባቢያቸው ነው። መጀመሪያ የራሳችሁን ተወካይና ሴናተር ቢሮ ደውሉ። የሚያነጋግራችሁ አንድ ወጣት ረዳት ሊሆን ይችላል። አትናቁት። ረቂቁን የሚከታተለውም፣ የሚያስታውሰውም እሱ ነው። ረቂቁን የሚያቀርብላችሁን ሰው ግን ረቂቁን መጀመሪያ በሚመረምረው ኮሚቴ ውስጥ ብትፈልጉ ይሻላል።

በፓርቲ ቋንቋ አትናገሩ። የሹሩባው ጉዳይ ሪፐብሊካኑን “መንግሥት ይቀነስ” በሚለው፣ ዴሞክራቱን ደግሞ “ድሃ ሴት ሠርታ ትብላ” በሚለው ይዞታል። ሁለቱም እውነት ነው።

ምስክርነቱ፦ ኮሚቴ ፊት መናገር

እዚህ ላይ ነው የእኛ ሰው የሚያፈገፍገው። “እንግሊዝኛዬ አይመጥንም”፣ “ዜጋ አይደለሁም” ይባላል። አቤት ለማለት ዜግነት አይጠየቅም፤ የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ መብቱን ለሕዝብ ሰጥቶታል። እንግሊዝኛውም ቀላል ከሆነ ይበቃል፤ እንዲያውም የተቀባባ ንግግር የሰለቻቸው ሰዎች ፊት ነው የምትቆሙት።

ኮሚቴ ፊት መናገር የሚፈልግ በዕለቱ ኦስቲን ባለው የምክር ቤቱ ሕንፃ (ካፒቶል) ውስጥ ይመዘገባል። ለመደገፍ፣ ለመቃወም ወይም እንዲሁ ስለ ጉዳዩ ለማስረዳት መሆኑን ይመርጣል። ሳትናገሩ አቋማችሁን ብቻ ማስመዝገብም ትችላላችሁ። የሚሰጣችሁ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። ተራ እስኪደርስ ግን ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ምግብና ቻርጀር ያዙ። ንግግራችሁን ጽፋችሁ፣ ጮክ ብላችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ለኩት፦ ማን ነኝ፣ ሕጉ ምን አደረገኝ፣ ምን ይደረግልኝ። በቃ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ስማችሁ በይፋዊ መዝገብ ይገባል። ላይሰንስ የሚጠይቀውን ሥራ አሁን ያለ ላይሰንስ እየሠራችሁ ከሆነ፣ ማይክ ከመያዛችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ።

ተቃዋሚም ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ላይሰንሱን ቀድመው ያወጡ ሰዎችና ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ የሚያነሱትም የጤናና የደኅንነት ጉዳይ ነው። አታጣጥሉት። የሌላ ስቴት ልምድ አሳዩ፦ ቨርጂኒያ የሹሩባ ላይሰንስን በ2012 አንስታለች። ከክርክር ይልቅ ሌላ ቦታ የታየ ውጤት ያሳምናል።

ቤተ ክርስቲያናችሁና የኮሚኒቲ ማኅበራችሁም ሊያግዙ ይችላሉ። እንዲህ ያሉ ከግብር ነፃ የሆኑ ድርጅቶች ስለ አንድ ሕግ በመጠኑ መሟገት ይፈቀድላቸዋል። እጩ መደገፍን ግን ሕጉ ይከለክላል። ለራሱ ጉዳይ ያለ ክፍያ የሚናገር ሰው እንደ ሎቢስት አይቆጠርም፤ ሰው ቀጥራችሁ የምታስወተውቱ ከሆነ ግን የምዝገባውን ሕግ አንብቡ።

ከኮሚቴው በኋላ

ረቂቅ በድምፅ ብዛት ከሚሸነፍበት ይልቅ ዝም ተብሎ የሚሞትበት ይበዛል። ኮሚቴ ቢያሳልፈውም በተወካዮች ምክር ቤት በኩል የቀን ቀጠሮ የሚሰጥ ሌላ ኮሚቴ አለ፤ ብዙ ረቂቅ እዚያ ይቀበራል። ስልክ መደወያው ጊዜ ያ ነው። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ የረቂቁን ቁጥር ብታስመዘግቡ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኢሜይል ይደርሳችኋል። ገዥው ጋ ከደረሰ በኋላ ለመወሰን 10 ቀን አላቸው፤ ስብሰባው ካበቃ ደግሞ 20። ባይፈርሙም፣ ውድቅ እስካላደረጉት ድረስ ሕግ ይሆናል።

ካልተሳካ ሌላ መንገድ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። ቴክሳስ ከ1977 ጀምሮ ሰንሴት የሚባል ኮሚሽን አላት። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በአብዛኛው በየ12 ዓመቱ ይመረመራል፤ ምክር ቤቱ ይቀጥል ካላለ ይዘጋል። ማለትም አስረዱ የሚባሉት ባለሥልጣናቱ ናቸው። በምርመራው ወቅት ማንም ሰው በጽሑፍ አስተያየት መስጠት ይችላል። የእናንተን ሙያ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ተራው መቼ እንደሆነ ከኮሚሽኑ ድረ ገጽ ፈልጉ።

ሕጉ ከጸደቀም መሥሪያ ቤቱ መመሪያውን እስኪያስተካክል ድረስ አትበተኑ። የሚወጣው የመመሪያ ረቂቅ ቴክሳስ ሬጅስተር በሚባለው የስቴቱ ይፋዊ ኅትመት ላይ ይወጣል፤ ከመጽደቁ በፊትም ቢያንስ 30 ቀን ለሕዝብ ይቆያል። በፊት ለፊት የወጣ ግዴታ በጓሮ ተመልሶ እንዳይገባ ረቂቁን ቃል በቃል ከሕጉ ጋር አስተያዩና አስተያየታችሁን በዚያው ጊዜ ውስጥ ላኩ።