ኤምኤስ ማስታወስንና ማሰብን ሲያከብድ፦ ቀኑን እንዴት ማቅለል ይቻላል?

መልቲፕል ስክሌሮሲስ ወይም ኤምኤስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው የዛለ እግር፣ የደበዘዘ ዓይን ወይም ዊልቸር ነው። ሽንኩርት እየከተፉ ስልክ ማውራት እንደሚያቅት የሚገምት የለም። ይሄም ግን የበሽታው ሥራ ነው። የሰውነት መከላከያ አቅጣጫውን ስቶ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉትን የነርቭ ክሮች ሽፋን ያጠቃል። ሽፋኑ ሲጎዳ መልእክት ይዘገያል። ኤምኤስ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በማስታወስ፣ በትኩረት ወይም በማሰብ ፍጥነታቸው ላይ ለውጥ ያያሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርኮ በ1868 እ.ኤ.አ. በሽታውን ሲገልጽ የማስታወስ መዳከምን ጠቅሶ ነበር። ደህና የሚራመድ ሰውም ይሄ ችግር ሊኖርበት ስለሚችል በመልክ አይታወቅም።

አንደኛ፦ ምን እንደሚያስቸግርዎ ይለዩ

ለሁለት ሳምንት ያህል ይመዝግቡ። ምን ተፈጠረ? ስንት ሰዓት ላይ? ሌሊቱን ተኝተው ነበር? ሙቀት ነበር?

«ረሳሁት» የምንለው ሁሉ መርሳት አይደለም። በኤምኤስ በጣም የተለመደው ችግር የፍጥነት ነው። ሰውየው ሲያወራ ፈጠነብዎ፣ ግማሹ መጀመሪያውኑ አልገባም። ያልገባ ነገር ደግሞ አይታወስም። አንዳንዱ ስም አፉ ላይ ደርሶ ይጠፋበታል። ሌላው ሥራ ጀምሮ መሀል ላይ ይበተንበታል። ከዚህ ቀደም ያወቁት ነገር፣ ሙያዎና ቋንቋን የመረዳት ችሎታዎ ግን ብዙ ጊዜ እንዳለ ይቆያል። መፍትሔው እንደ ችግሩ ስለሚለያይ ይህንን ደረጃ አይዝለሉት።

ሁለተኛ፦ መዝገቡን ይዘው ሐኪም ጋ ይሂዱ

ሁሉንም በኤምኤስ ማሳበብ ጥሩ አይደለም። ድብርት፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግርና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሐሳብን ያደበዝዛሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። መድኃኒትም እንዲሁ። ሽንት ለመቆጣጠር የሚሰጠው ኦክሲቡቲኒን፣ እንዲሁም ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን ሊያፈዝዙ ይችላሉ። የሚወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ፤ በራስዎ ግን አያቁሙ። ጠበል የሚሄዱም ከሆነ የኤምኤስ መድኃኒትዎን ይዘው ይሂዱ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊነሳ ይችላል።

የተሣሉ ቅርጾችን ከቁጥር ጋር የሚያዛምዱበት፣ የማሰብ ፍጥነትን የሚለካ የ90 ሰከንድ ፈተና አለ። የነርቭ ሐኪምዎ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ፤ በየዓመቱ ሲደገም ለውጡን ያሳያል። ሐሳብዎ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት ከወረደ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ይደውሉ።

ሦስተኛ፦ ሁሉንም አንድ ቦታ ይጻፉ

ደብተር ወይም ስልክ፣ አንዱን ይምረጡ። ግማሹ ቴሌግራም ላይ፣ ግማሹ የፍሪጅ በር ላይ፣ የቀረው በደረሰኝ ጀርባ ከሆነ ዋጋ የለውም።

ለእኛ ሰው አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ፦ ሁለት የቀን መቁጠሪያና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር። የሆስፒታሉ ካርድ ላይ 9 ሰዓት ይላል፤ ጠዋት ነው ከሰዓት? በኛ ነው በፈረንጅ? ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰውማ ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ሲቀጣጠር ችግሩ እጥፍ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ የሳምንቱን ቀን ስም ይጻፉ። ማክሰኞ በሁለቱም አቆጣጠር ማክሰኞ ነው። ሰዓቱን «ጠዋት 3፣ ስልኩ ላይ 9» ብለው ይጻፉት። ስልክዎ በየትኛው እንደሚቆጥር ወስነው ከዚያ በኋላ አይቀያይሩት።

አላርም ሲሞሉ ጩኸቱ ብቻውን አይበቃም፤ ጠርቶዎት ለምን እንደጠራዎት ሊጠፋብዎ ይችላል። «መድኃኒት፣ አልጋው አጠገብ ያለው ሳጥን» ብለው ይጻፉበት። ለቀጠሮ ሁለት አላርም ይሙሉ፦ አንዱ ከዋዜማው ማታ፣ ሌላው ከቤት መውጫው ላይ።

አራተኛ፦ ከባዱን ሥራ ለጥሩው ሰዓት ይተዉ

ለብዙዎች ጠዋት ይሻላል። ሒሳብ፣ ቅጽ መሙላት፣ ቢሮ መሄድ ያን ጊዜ ይሁን። ሙቀት የበሽታውን ምልክቶች ያባብሳል። ድሬዳዋ ወይም ሪያድ ላለ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይሻላል። ጥላ ቦታ ይቀመጡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዙ።

አምስተኛ፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር

ወጥ ሲሠሩ ሬዲዮኑን ያጥፉ፤ ስልክ ከመጣ ምድጃውን አጥፍተው ያንሱ። ቡና ላይ አምስት ሰው ባንዴ ሲያወራ ለቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰጥተው፣ አንድ ሰው አጠገብ ይቀመጡና ከእሱ ጋር ያውሩ። የተነገርዎትን መልሰው ይናገሩ፦ «እንግዲህ ሐሙስ ትመጫለሽ ማለት ነው?» ይሄ ሞኝነት አይደለም፤ ያልገባው እንዲገባ ጊዜ ይሰጣል።

ስድስተኛ፦ ማስታወስ ያለብዎን በሥዕልና በታሪክ ይያዙ

ኒው ጀርሲ ያለው የኬስለር ፋውንዴሽን ተመራማሪዎች ኤምኤስ ያለባቸውን ሰዎች አዲስ ነገር በምስልና በታሪክ እንዲይዙ አሠልጥነው የመማር አቅማቸው እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ምስር፣ ሳሙናና ሻማ መግዛት አለብዎ እንበል። ምስሩ በሳሙና አረፋ ሲታጠብ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲለኮስ በዓይነ ሕሊናዎ ይሣሉት። ታሪኩን ራስዎ ይፍጠሩት፤ ራስ የፈጠረው ይበልጥ ይያዛል። ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ከዚያ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሳያዩ ይሞክሩት።

የስልክ የአእምሮ ጨዋታዎች በጨዋታው ጎበዝ ያደርጉዎታል። ለዕለት ኑሮ ግን ምን ያህል እንደሚጠቅሙ እኔ ብዙም አላምንባቸውም። የጠፋ ማስታወስን የሚመልስ እንክብል አለ የሚልዎትም ካለ ገንዘብዎን ይያዙ። በእግር መንቀሳቀስ ግን ለድካምም ለስሜትም ይረዳል።

ሰባተኛ፦ ለቤተሰብ በግልጽ ይንገሩ

እኛ ጋ ለቅሶ ያልደረሰ፣ የክርስትና ቀን የረሳ ሰው ቂም ይያዝበታል። «ንቆኝ ነው» ይባላል። ስለዚህ «እረሳለሁ» ብሎ መተው አይበቃም፤ ምን እንዲያደርጉልዎ ይንገሯቸው። ለእህትዎ፦ «ለቅሶ ሲኖር ደውለሽ ብቻ አትንገሪኝ፣ በጽሑፍም ላኪልኝ።» ለአለቃዎ፦ «ሥራውን በጽሑፍ ቢሰጡኝ ቶሎ እጨርሳለሁ።» ልጆችም ቀስ ብለው እንዲያወሩ ቢነገራቸው ይለምዱታል።

ገንዘብና መኪና ለብቻቸው ይታዩ። የእቁብና የመብራት ክፍያ ቀኖችን አንድ የሚያምኑት ሰውም ይያዛቸው። በቴሌብር ገንዘብ ሲልኩ ስሙን ጮክ ብለው አንብበው ብቻ ያጽድቁ፤ ማታ ደክሞዎት ከሆነ ለነገ ጠዋት ይተዉት። መስቀለኛ መንገድ ላይ መወሰን እየዘገየብዎ ከመጣ ደግሞ እስኪመረመሩ ድረስ መሪውን ለሌላ ሰው ይስጡ።