ናፍጣ የሚያፈስ ፒክአፕ፦ ከታች ሳይሆን ከላይ ጀምራችሁ ፈልጉ

ናፍጣ መሬት ላይ የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ የሞተሩን አካል ተከትሎ ይወርዳል፣ ንፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። በፊልትሮው፣ በፖምፓውና ናፍጣ ወደ ሞተሩ በሚረጩት ኢንጀክተሮች ዙሪያ የሕፃን ፓውደር ስስ አድርጋችሁ ነስንሱና ለ10 ደቂቃ አስነሱት። ከረጠቡት ሁሉ ከፍ ያለው ቦታ ምንጩ ነው።

እንደ ሃይሉክስ 2ኤል እና 3ኤል ባሉ የድሮ ሞተሮች መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከኢንጀክተሮቹ በላይ ያለው የናፍጣ መመለሻ ቱቦ ነው። ጎማው ከተሰነጠቀ ቀይሩት፤ የውኃ ጎማ ግን ናፍጣ ያሳብጠዋል፣ ለነዳጅ የተሠራውን ግዙ። የተፈታ ሮንዴላ (የመገጣጠሚያ ቀለበት) አይመለስም፣ አዲስ ይገባል። ዳዶውን እያጠበቁ ማስቆም የሚሉት ነገር ጉዳት ነው፤ የቱቦው ጫፍ ይበላሽና ፍሳሹ ይብሳል።

ጠብታ ሳይታይ ጠዋት ጠዋት ለመነሣት ካስቸገረስ? ከሰልባትዮ (ከነዳጅ ታንክ) እስከ ፖምፓ ባለው መስመር አየር እየገባ ሊሆን ይችላል። ፖምፓው መግቢያ ላይ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ የነዳጅ ቱቦ ግጠሙ፤ አረፋ ካያችሁ ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) እና የፊልትሮውን ጎማ ፈትሹ።

ኮመን ሬይል (ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ አዲስ ዓይነት ሞተር) ላይ ግን ሞተሩ እየሠራ በፍጹም በእጅ አትዳብሱ፣ ቱቦም አትፍቱ! ግፊቱ ከ1,000 ባር በላይ ይደርሳል፣ ርጭቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ፍሳሹን ለመፈለግ ረጅም ካርቶን ተጠቀሙ።