ሊቲየም ወይስ ሊድ አሲድ? መጀመሪያ ቻርጁ ይለካ

የሞተር ሳይክሉ የስታርተር ቁልፍ ሲጫን ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) «ጠቅ» ብሎ ይቀራል። ባትሪው ሌሊቱን ቻርጅ ተደርጎ 12.7 ቮልት ያሳያል፤ ጭነት ሲያርፍበት ግን ወደ 8 ይወርዳል። ስለዚህ ሞቷል። ግን ምን ገደለው?

ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ዙር እየሠራ የባትሪው ጫፎች ሲለኩ 15.6 ቮልት ተገኘ። ጤነኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ነው። ጥፋቱ የሬጉሌተሩ (የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረው) ነበር፤ ሶኬቱ ውስጥ አንዱ ፒን ጠቁሮ ዙሪያው ፕላስቲክ ቀልጧል። እዚህ ላይ አዲስ ሊቲየም መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ ከ15 በላይ ቮልት ሴሎቹን ያበላሻል። ሬጉሌተሩና ሶኬቱ ተቀየሩ፣ የማሳው (የኔጋቲቩ) ገመድ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ጸዳ፤ ንባቡ 14.3 ሆነ።

ሊቲየም ቀላል ነው፤ 3 ኪሎው ወደ 1 ኪሎ ግድም ይወርዳል። ይህ ሞተር ሳይክል ግን አላርም አለው፣ ቆሞም 20 ሚሊ አምፒር ይስባል። «የ8 ምትክ»፣ ማለትም የ8 አምፒር ሰዓት ሊድ አሲድ ምትክ፣ ተብሎ የሚሸጠው ሊቲየም እውነተኛ አቅሙ 3 አምፒር ሰዓት ስለሆነ በ6 ቀን ባዶ ይሆናል፤ የ8ቱ ሊድ አሲድ 16 ቀን ይቆያል። ስለዚህ የተገጠመው የታሸገ ሊድ አሲድ፣ 12 ቮልት፣ 8 አምፒር ሰዓት ነው። ሲገዛ ፖዘቲቩ በየትኛው ጎን እንዳለ ይታይ፤ ከተገለበጠ ገመዱ አይደርስም። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ፖዘቲቩ።