በእንግሊዝኛ ቅጽልንና ተውሳከ ግስን ሳያምታቱ ለመጠቀም

«ሺ ሲንግስ ጉድ» ነው ወይስ «ሺ ሲንግስ ዌል»? ለዓመታት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው እንኳ እዚህ ላይ ያመነታል። አይገርምም። በአማርኛ «ጥሩ ዘፋኝ ናት» እንላለን፤ «ጥሩ ትዘፍናለች»ም እንላለን። ለሁለቱም «ጥሩ» ይበቃናል። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚገለጸው ቃል የትኛው እንደሆነ እዩ። ስም ከሆነ ቅጽል ተጠቀሙ፦ «ኤ ጉድ ሲንገር»። ግስ ከሆነ ተውሳከ ግስ፦ «ሺ ሲንግስ ዌል»።

ቀጥሎ ቅርጹን አስተካክሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቅጽሉ ላይ «ሊ» መጨመር ይበቃል። «ስሎው» የነበረው «ስሎውሊ» ይሆናል። «ፋስት» ግን ለሁለቱም ያው ነው፤ «ፋስትሊ» አይባልም። «ፍሬንድሊ» ደግሞ በ«ሊ» ቢያልቅም ቅጽል ነው።

እኔ በጣም ተጠንቀቁ የምለው «ሃርድ» ላይ ነው። ብዙ ሰው በሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ «ጠንክሬ እሠራለሁ» ማለት ይፈልጋል። ታዲያ «ሊ»ን ጨምሮ «አይ ሃርድሊ ወርክ» ካለ ጉድ ፈላ! «ሃርድሊ» ማለት «እምብዛም» ነው። ቀጣሪው የሚሰማው «ሥራ እምብዛም አልሠራም» የሚል ነው። ትክክለኛው «አይ ወርክ ሃርድ» ነው። «ሌት»ም እንደዚሁ ነው። አርፍዶ ለመጣ ሰው «ሂ ኬም ሌት» እንላለን፤ «ሌትሊ» «ሰሞኑን» ማለት ነው።

አሁን ተውሳከ ግስ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ወደሚገባበት ቦታ እንምጣ። «እንግሊዝኛ በደንብ ይናገራል» ስንል «በደንብ» ከግሱ ጋር ተጣብቋል። ይህን ይዘን ስንሄድ «ሂ ስፒክስ ዌል ኢንግሊሽ» ይመጣብናል። በእንግሊዝኛ ግሱንና ተሳቢውን አትለያዩ፦ «ሂ ስፒክስ ኢንግሊሽ ዌል»። «ቡና በጣም እወዳለሁ» ለማለትም «አይ ቬሪ ላይክ ኮፊ» አይባልም። «ቬሪ» ብቻውን ግስ አይገልጽም። «አይ ላይክ ኮፊ ቬሪ መች» ወይም «አይ ሪሊ ላይክ ኮፊ» በሉ።

«ኦልዌይስ»ን («ሁልጊዜ») የመሰሉት ተውሳከ ግሶች ከዋናው ግስ ይቀድማሉ፦ «ሺ ኦልዌይስ ካምስ ኧርሊ»። «ኢዝ» ካለ ግን ከእሱ ቀጥለው ይመጣሉ፦ «ሺ ኢዝ ኦልዌይስ ኧርሊ»።

በመጨረሻ እነ «ሉክ»፣ «ቴስት»ና «ስሜል» አሉ። ሾርባው ይጣፍጣል ለማለት «ዘ ሱፕ ቴስትስ ጉድ» ይባላል እንጂ «ዌል» አይገባም፤ የሚገለጸው ሾርባው ነውና። ከተጠራጠራችሁ ግሱን አውጥታችሁ «ኢዝ» አስገቡበት። «ዘ ሱፕ ኢዝ ጉድ» ስሜት ይሰጣል፤ ስለዚህ ቅጽል ነው የሚፈልገው። «ሺ ሉክስ ሃፒ» ላይም ይሠራል፤ «ሺ ኢዝ ሃፒ» ማለት ይቻላል። «ሺ ሉክድ ኬርፉሊ አት ዘ ሌተር» ላይ ግን አይሠራም። እዚህ ልጅቷ በዓይኗ ደብዳቤውን በጥንቃቄ እያየች ነው፤ የሚገለጸው ማየቷ ስለሆነ «ኬርፉሊ» ቦታውን ይዟል።